ጥቁሩን አይፈትጉት፦ ስለ አንድ የጃፓን ጎራዴ ጌጥ ለቀረበ ጥያቄ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል። «ከአሮጌ ዕቃ ገበያ አንድ የጃፓን ጎራዴ የእጅ መከላከያ ገዛሁ። ስፋቱ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። መደቡ ጥቁር ነው፤ በጥቃቅን ነጥቦች ተሞልቷል። በላዩ ላይ የወርቅ ዝይዎች፣ የብር ጨረቃና ቀላ ያሉ ቅጠሎች አሉ። ጠርዙ ላይ ግን ጥቁሩ ሳስቶ ቡናማ ነገር ይታያል። ጥቁሩ ቀለም ነው? በሎሚና በጨው ባጸዳውስ? ደግሞስ እውነተኛ ነው ወይስ ለቱሪስት የተሠራ?»

ከሎሚው ልጀምር፤ እሱ ጊዜ አይሰጥም። እባክዎ ያስቀምጡት። አመድ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ከሱፐርማርኬት የሚገዛ የብር ማጽጃም አያስነኩት። አሮጌ ብረታ ብረት መንከባከብ ሥራዬ ነው። እጄ ላይ ከሚደርሱት የተጎዱ ዕቃዎች ብዙዎቹ የተጎዱት በቅን ልቦና ሲጸዱ ነው። ባለቤቱ ዕቃውን ወድዶታል፤ እንዲያብረቀርቅለት ፈልጓል፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁለት መቶ ዓመት የቆየውን ገጽ አጥቦ አፍስሶታል። የጃፓን ጎራዴ ጌጥ ላይ ደግሞ ገጹ ማለት ሥራው ራሱ ነው። ለምን እንደሆነ ረዘም አድርጌ ላስረዳ።

እርስዎ እንደገለጹት ከሆነ ጥቁሩ የተቀባ ቀለም አይደለም። መደቡ ሻኩዶ ከሚባል ቅይጥ የተሠራ ይመስላል። ሻኩዶ መዳብ ነው፤ ግን ውስጡ ጥቂት ወርቅ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 በመቶ ይሆናል። አዎ፣ ያ ጥቁር ነገር ውስጥ እውነተኛ ወርቅ አለ። የሚገርመው ቅይጡ ቀልጦ፣ ተቀጥቅጦና ተወልውሎ ሲያልቅ ጥቁር አይደለም። ቀላ ያለ ነው፤ ተራ መዳብ ይመስላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያስቀምጧቸው መለየቱ ያስቸግራል። ልዩነታቸው የሚወጣው መጨረሻ ላይ፣ ዕቃው ሲቀቀል ነው።

ጃፓኖች ይህን ቅቀላ ኒኢሮ ይሉታል። ውሃ ውስጥ ሮኩሾ የሚባል ከመዳብ የሚዘጋጅ አረንጓዴ ዱቄትና የመዳብ ሰልፌት ይጨመራል። በመዳብ ድስት ይፈላል። ዕቃው ከመግባቱ በፊት በደቀቀ ከሰል ተወልውሎ ከማንኛውም ቅባት ነጻ መሆን አለበት። የጣት አሻራ እንኳ ካለበት እዚያው ላይ እድፍ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ የተፈቀፈቀ ዳይኮን ውስጥ ይነከራል፤ ዳይኮን በጃፓን ማድ ቤት የማይጠፋ ረዥም ነጭ የሥር አትክልት ነው። ጭማቂው ፈሳሹ ገጹን እኩል እንዲይዘው ይረዳል። ከዚያ ወደ ድስቱ ይገባል፤ እያንቀሳቀሱ፣ እያወጡ እያዩ፣ መልሰው እየከተቱ ይጠብቁታል። ቀስ በቀስ ገጹ ይጠቁራል። ጥቁር ብቻም አይደለም፤ ጥሩ ሻኩዶ ብርሃን ሲያርፍበት ሰማያዊና ወይን ጠጅ ነገር ከውስጡ ብቅ ይላል።

የሆነው ነገር ይህ ነው። የመዳቡ የላይኛው ገጽ ከኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ እጅግ ስስ ሽፋን ሠርቷል። ወርቅ የሌለበት መዳብ ቢሆን ይህ ሽፋን ቀይ ወይም ቡናማ ሆኖ ይቀራል። ሻኩዶ ላይ ግን በሽፋኑ ውስጥ በዓይን የማይታዩ የወርቅ ቅንጣቶች አሉ። ብርሃኑን የሚውጡት እነሱ ናቸው። ሽፋኑ ከፀጉር ውፍረት ጋር የሚወዳደር እንኳ አይደለም፤ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይሳሳል። በነገራችን ላይ ይህን ዘዴ መጀመሪያ ያገኙት ጃፓኖች አይደሉም። በጥንታዊት ግብፅና በሮምም ወርቅ የገባበት ጥቁር መዳብ ነበረ። ግን እንደ ጃፓኖች ለዘመናት ሳያቋርጥ የሠራበትና እዚህ ደረጃ ያደረሰው ሕዝብ አላውቅም።

አሁን የእርስዎን ዕቃ ያስቡት። አንድ ድስት ውስጥ አራት ዓይነት ብረታ ብረት አብሮ ገብቷል። ወርቁ አይለወጥም፤ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ብሩ ነጭ ይሆናል። ንጹሕ መዳቡ ወደ ቀይ ይሄዳል፤ ቅጠሎቹ እሱ መሆን አለባቸው። ሻኩዶው ይጠቁራል። ብር የተቀየጠበት ሺቡኢቺ የሚባል ሌላ መዳብ ቢኖር ኖሮ ደግሞ ግራጫ ይሆን ነበር፤ እንደ ብሩ መጠን ከፈዘዘ እስከ ጠቆር ያለ። ማንም በብሩሽ ቀለም አልቀባም። በአንድ ፈላ ውሃ ሁሉም የየራሱን መልክ ይዞ ወጣ።

ስለዚህ ቀራጩ ሥራውን ሲሠራ ቀለሙን አያይም። ቅጠሉም መደቡም በእጁ ላይ አንድ ዓይነት ቀይ ናቸው። በፊልም ዘመን ፎቶ አንሺ ያነሳውን ሳያይ እስከ ማጠቢያው ክፍል እንደሚታገሠው ማለት ነው፤ የት ምን እንደሚሆን በጭንቅላቱ ይዞ ነው መሮውን የሚመታው። እኔ በዚህ ጥበብ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚደንቀኝ ይህ ነው።

ሎሚ ምን ያደርጋል? አሲድ ስለሆነ ያን ስስ ሽፋን ያሟሟዋል። ጨው ሲጨመርበት ይብሳል። ከዚያ የሚቀርልዎ ቀይ ሰሌዳ ላይ ያረፉ የወርቅ ዝይዎች ናቸው። ቅጠሎቹ ከመደቡ ጋር አንድ ዓይነት ስለሚሆኑ ይጠፋሉ። ሌሊቱም ይጠፋል። ጨረቃዋ ነጭ የምትመስለው ዙሪያዋ ጥቁር ስለሆነ ነው። ጠርዙ ላይ ያዩት ቡናማ ነገር እንግዲህ የቆሸሸ ቦታ አይደለም፤ በእጅና በልብስ ተነካክቶ ሽፋኑ የሳሳበት ቦታ ነው። «ለማጽዳት» ያሰቡት ቦታ ቀድሞውኑ ከመጠን በላይ የጸዳው ነው።

ወርቁም ቢሆን አይታመንም። ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ የሚታየው ምስል ሙሉ ወርቅ አይደለም። ከሥሩ መዳብ ወይም ሻኩዶ ሆኖ በላዩ ስስ የወርቅ ልባጥ ይያያዝበታል። ይህን ኢሮኤ ይሉታል። ደጋግመው ቢፈትጉት ክንፉ ጫፍ ላይ ያለው ወርቅ ይሄዳል፤ ከሥሩ ያለው ይወጣል። ሌላው ዘዴ በመደቡ ላይ ቦታ ቆፍሮ የጉድጓዱን ጎን ወደ ውስጥ አስገብቶ ሌላ ብረታ ብረት እዚያ ቀጥቅጦ ማስገባት ነው። በደንብ የተሠራ ከሆነ ያለ ሙጫ፣ ያለ ብየዳ ለዘመናት ይቆያል።

ስለ ነጥቦቹ ደግሞ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ሁሉ ወርቁን አይቶ ያልፋቸዋል። ናናኮ ይባላሉ። ጫፉ እንደ ትንሽ ጽዋ የጎደጎደ የብረት መምቻ አለ። ዕቃው እንዳይንቀሳቀስ ለስላሳ ቅጥራን ላይ ይተከላል። ከዚያ መምቻው ይቀመጣል፣ መዶሻው ያርፋል፣ አንድ ክብ ነጥብ ትወጣለች። ቀጥሎ ሌላ። እያንዳንዷ ከአንድ ሚሊ ሜትር ታንሳለች። ረድፎቹ እኩል መሄድ አለባቸው። አንዷ ብትሳሳት መሰረዝ አይቻልም። በዚህ ሥራ ብቻ የሚተዳደሩ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ምስሉን ሌላ ሰው ይቀርጻል፣ መደቡን እነሱ ይመታሉ። የጥሩ እጅ ምልክት ማየት ከፈለጉ ሰፊው ሜዳ ላይ አይመልከቱ። የዝይዋ እግር ሥር ይመልከቱ። እዚያ ጠባብ ቦታ ላይ ረድፉ ሳይዛነፍ ገብቶ በምስሉ ሥር የሚያልፍ ከመሰለ እጁ ትልቅ ነው። ደካማ ሠራተኛ እዚያ ጋ ይደነባበራል፤ ነጥቦቹ ይጨናነቃሉ ወይም ባዶ ቦታ ይቀራል።

ይህ ሁሉ ልፋት ለጦር መሣሪያ ለምን አስፈለገ የሚል ካለ፣ መልሱ ሰላም ነው። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ። ከ1603 እስከ 1868 ጃፓንን የገዙት ከቶኩጋዋ ቤተሰብ የወጡ ሾጉኖች፣ ማለትም የጦር ገዢዎች፣ ነበሩ። ከ1615 በኋላ ለረጅም ዘመን ትልቅ ጦርነት አልነበረም ማለት ይቻላል። ሳሙራይ የሚባለው ተዋጊ ግን ሁለቱን ጎራዴዎች፣ ረጅሙንና አጭሩን፣ በወገቡ መሸከሙን አልተወም፤ የማዕረጉ መታወቂያ ነበሩ። ስለቱ አፎት ውስጥ ተቀምጦ ይውላል። ሰው የሚያየው የእጅ መከላከያውን፣ የእጀታውን ጫፍና ከጎን የምትሰካውን ትንሽ ቢላ እጀታ ነው። በሾጉኑ ግቢ ለሥርዓት ሲቀርቡ ምን ዓይነት ጌጥ እንደሚደረግም የታወቀ ነበር። ጥቁር ሻኩዶ በናናኮ መደብ፣ ከጎቶ ቤት እጅ የወጣ ሲሆን ተገቢው እሱ ነው።

የጎቶ ቤት የሚባለው በኪዮቶ የተመሠረተ የቀራጮች ቤተሰብ ነው። መሥራቹ ጎቶ ዩጆ ከ1440 እስከ 1512 ኖረ፤ ለሾጉኑ ለአሺካጋ ዮሺማሳ ይሠራ ነበር። ቤቱ ለ17 ትውልድ ቀጠለ። እነዚህ ሰዎች የሚታወቁት በትናንሽ ዕቃዎች ነው፤ እጀታው ላይ በገመዱ ሥር የሚገቡት ሜኑኪዎች፣ ኮዙካ የምትባለው የቢላ እጀታና ኮጋይ የምትባለው ዘንግ። አምስተኛው አለቃ ጎቶ ቶኩጆ በ1588 በወቅቱ ጃፓንን ይገዛ ለነበረው ለሂዴዮሺ ትልልቆቹን የወርቅ ገንዘቦች ሠራ። ወርቅ በአደራ የሚሰጣቸው ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። እኔ በግሌ የጎቶዎች ሥራ ትንሽ ይከብደኛል፤ ሥርዓቱ ይበዛል። ልቤ ያለው ከእነሱ በኋላ በመጡት የከተማ ቀራጮች ዘንድ ነው።

የከተማ ቀራጭ የሚባለው ለቤተ መንግሥት ሳይሆን ለገበያ የሚሠራው ነው። ነጋዴ ሁለት ጎራዴ መሸከም ባይፈቀድለትም አንድ አጭር ጎራዴ መያዝ ይችል ነበር። ገንዘብም ነበረው። ለጌጡ ይከፍላል፤ ምርጫውም ነጻ ነው። ዮኮያ ሶሚን ከነዚህ ቀራጮች ስመ ጥሩ ነው፤ ከ1670 እስከ 1733 የኖረ የኤዶ፣ የዛሬዋ ቶኪዮ፣ ሰው ነው። ካታኪሪቦሪ የሚባለው አቀራረጽ ከእሱ ስም ጋር ይያያዛል። መሮው ተጋድሞ ይገባል፤ መስመሩ አንዱ ጎኑ ጥልቅ፣ ሌላው ገር ይሆናል። ወፍራም ጀምሮ እየቀጠነ ያልቃል። ብረታ ብረቱ ላይ የቀለም ብሩሽ የሄደበት ይመስላል። ወርቅ የለ፣ ከፍ ያለ ምስል የለ፤ መስመር ብቻ። በአንድ የኮዙካ ሰሌዳ ላይ እንዲህ የተቀረጸ ነብር ወይም አንበሳ ሳይ ሌላውን ሁሉ እረሳለሁ።

ብረት የሚወዱም ነበሩ፤ ባዶውን ብረት። ሂጎ በሚባለው የጃፓን ግዛት በሆሶካዋ መሳፍንት ሥር የሠራው ሃያሺ ማታሺቺ የብረቱን ገጽ እንደ ጨርቅ ሽመና በቀጫጭን መስመሮች ጭሮ ስስ ወርቅ እላዩ ላይ ይቀጠቅጥ ነበር። ወርቁን የሚይዘው ጭረቱ ነው። ይህ ለእርስዎ ዕቃ አይሠራም፤ ግን ሌላ ጊዜ ጥቁር ነገር ሲያዩ ሁሉም ሻኩዶ እንዳይመስልዎ ብዬ ነው። ማግኔት ያስጠጉ። ብረት ከሆነ ይሳባል፤ ሻኩዶ አይሳብም።

አሁን ወደ «እውነተኛ ነው ወይ» እንምጣ። ዕቃውን ሳላይ ቃል መስጠት አልወድም፤ ግን ከተናገሩት ውስጥ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ጥቁሩ «ሳስቶ» ቡናማ ይታያል ብለዋል። ቀለም አይሳሳም፤ ይላጣል። ሲላጥ ድንበሩ ስለታም ይሆናል፤ በርካሽ ቅጂዎች ላይ ከሥሩ የሚወጣው ነጭ የዚንክ ቅይጥ ነው። ቀስ እያለ ወደ ቡናማ የሚሄድ ጥቁር ግን የመዳብ ቤተሰብ ነው።

ቀጥሎ አጉሊ መነጽር ይያዙ። ነጥቦቹን ይዩ። በእጅ ከተመቱ እያንዳንዷ ክብ ለብቻዋ ትቆማለች፤ በመካከላቸው ያለው ገደል ጥርት ያለ ነው። በሻጋታ ከፈሰሰ ነጥቦቹ የቀለጠ መልክ አላቸው፤ እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ አንዳንድ ቦታ የአየር ቀዳዳዎች ይታያሉ። ጠርዙን ዞረው ይመልከቱ፤ ሁለት የሻጋታ ግማሾች የተገናኙበት መስመር ካለ ነገሩ አበቃ። ከዚያ ስለቱ የሚያልፍበትን መካከለኛ ቀዳዳ ይዩ። ዙሪያው ነጥብ የሌለበት ለስላሳ ቦታ መሆን አለበት፤ ሴፓ የሚባሉት የመዳብ ቀለበቶች የሚያርፉት እዚያ ነው። በቀዳዳው ጫፎች የተቀጠቀጠ ምልክት ወይም የመዳብ ውታፍ ካለ ዕቃው ከአንድ ጎራዴ ጋር ተስተካክሎ ያውቃል ማለት ነው። ከሌለ ግን ሐሰተኛ ነው አይበሉ። ከጎራዴ ጋር ሳይገጠሙ የቀሩ ብዙ ምርጥ ሥራዎች አሉ።

«ለቱሪስት የተሠራ» የሚለው ቃልም ጥንቃቄ ይፈልጋል። መጋቢት 28 ቀን 1876 የጃፓን መንግሥት ከወታደርና ከፖሊስ በቀር ማንም በአደባባይ ጎራዴ እንዳይታጠቅ ከለከለ። የቀራጮቹ ገበያ በአንድ ጊዜ ወደቀ። ያ ሁሉ የሠለጠነ እጅ የት ይሂድ? ወደ ውጭ ገበያ ሄደ። የዕጣን ማጨሻ፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ የሲጋራ ሣጥን በዚያው ሻኩዶና ሺቡኢቺ ተሠራ። ለአውሮፓና ለአሜሪካ ሰብሳቢዎች ተብሎ የእጅ መከላከያም ተሠራ። የኒው ዮርኩ የጌጣጌጥ ቤት ቲፋኒ በ1870ዎቹ የጃፓኖቹን የቀለም ውሕደት በብር ዕቃዎቹ ላይ ለማምጣት ደከመ፤ በ1878 የፓሪስ ኤግዚቢሽን የቀረቡት ሥራዎቹ የዚያ ፍሬ ናቸው። ስለዚህ ከ1876 በኋላ ለውጭ ሰው የተሠራ የእጅ መከላከያ ውስጥ በቶኩጋዋ ዘመን ከተሠራው የሚበልጥ እጅ ሊገኝ ይችላል።

ካኖ ናትሱኦን ለዚህ ምስክር አድርጌ እጠራዋለሁ። በ1828 ተወለደ፤ የጎራዴ ጌጥ ቀራጭ ሆኖ አደገ። አዲሱ መንግሥት የየን ሳንቲሞችን ሲያወጣ ዘንዶ ያለበትን ምስል የቀረጸው እሱ ነው። በኋላ በቶኪዮ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ በ1898 ዐረፈ። የትምህርት ቤቱ ወራሽ የሆነው የቶኪዮ ሥነ ጥበብ ዩኒቨርሲቲ ዛሬም የብረታ ብረት ቅርጽ ያስተምራል። ጎራዴ ታጣቂ ከጠፋ በኋላ መሮው እጅ ላይ የቀረው በእንዲህ ያሉ ሰዎች ነው።

እንግዲህ አያያዙን ልንገርዎ። በጠርዙ ብቻ ይያዙት፤ የጥጥ ጓንት ካለዎት የተሻለ ነው። የእጅ ላብ ጨው አለበት፤ ሻኩዶ ላይ አሻራ ይተዋል። አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ያራግፉ። ከዚያ በታጠበ የጥጥ ጨርቅ ሳይጫኑ ዳበስ ያድርጉ። ዘይት አያስፈልገውም። ብረት ለሆኑት ብቻ ትንሽ ዘይት ተቀብቶ ወዲያው ይጠረጋል፤ ቀይ ዝገት ካለባቸው ደግሞ በአጥንት ወይም በአጋዘን ቀንድ ቁራጭ ቀስ ተብሎ ይፋቃል እንጂ በብረት ፍቅፋቂ አይነካም። ሲያስቀምጡ የጎማ ላስቲክ አይጠቀሙ፤ ከጎማ የሚወጣው ሰልፈር ብሩንም መዳቡንም ያጠቁራል። ደረቅ ቦታ፣ የእንጨት ሣጥን፣ በጥጥ ጨርቅ መጠቅለል ይበቃል።

የሳሳውን ጠርዝ ማስጠገን ይሻላል ወይ ብለው ካሰቡ፣ የእኔ ምክር አይንኩት ነው። እንደገና መቀቀል ይቻላል፤ ግን ለአንድ ጠርዝ ሲባል መላው ዕቃ መጸዳት አለበት፤ ያ ማለት የቀረው የመጀመሪያ ገጽ አብሮ ይሄዳል። በሙሉ የተፈተገ ዕቃ ቢሆን ሌላ ነገር ነበር።

የወረቀት ማረጋገጫ ከፈለጉ በቶኪዮ በ1948 የተቋቋመው የጃፓን የጥበብ ጎራዴዎች ጥበቃ ማኅበር ጌጦችንም መርምሮ ምስክር ወረቀት ይሰጣል። ከመላክዎ በፊት ግን አራት ፎቶ ይላኩልኝ፤ ፊቱ፣ ጀርባው፣ ጠርዙና የመካከሉ ቀዳዳ ዙሪያ። ፍላሽ አይጠቀሙ። በመስኮት አጠገብ ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣ አድርገው ያንሱ፤ ያኔ የነጥቦቹ ጥላ ይወጣል። በቀዳዳው ግራና ቀኝ የተቀረጸ ጽሕፈት ካለ በቅርብ ያንሱት። ታዋቂ ስም ቢሆን ቶሎ አይደሰቱ፤ የታላላቆቹን ስም ሌሎች በብዛት ቀርጸውታል። እኔ መጀመሪያ የማየው የዝይዋን እግር ሥር ነው፤ ስሙን ከዚያ በኋላ አነብባለሁ።